ዓሣ ጎርጓሪው ማን ነበር?

ገለምሶ የጨርጨር ተራሮች ልጅ ናት። ቡናና ጫት በሚበቅልባቸው በእነዚያ ተረተሮች ላይ የሚወርደው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል፤ ከፊሉ ወደ ሰሜን ቁልቁል ተምዘግዝጎ ከአዋሽ ይቀላቀላል፣ ከፊሉ ወደ ደቡብ ወርዶ ለዋቢ ሸበሌ ይገብራል። ይሁን እንጂ ውሃው በዚያ ከፍታ ገና ምንጭና ጅረት እንጂ ወንዝ አልሆነም። የሰው ቁመት የሚያህል ዓሣ የሚያድርበት ባሕር በአካባቢው የለም። ስለዚህ በገለምሶ ወይም በአሰበ ተፈሪ (በዛሬው ጭሮ) ትምህርት ቤት መምህሩ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ፣ ተማሪው ትርጉሙን ይይዛል እንጂ ሰውየውን አያየውም። ነገር ፈላጊ መዘዝ ያመጣል፤ ትርጉሙ ይኸው ነው። ነገር ግን ያ ጎርጓሪ ማን ነበር? በምን ይጎረጉር ነበር? ስለ ምንስ ዓሣው በጉድጓድ ውስጥ እንዳለ አወቀ?

ምሳሌያዊ አነጋገሩ ይህን አይመልስም። ሊመልስም አይችልም፤ ምክንያቱም የተነገረው ከዳር ቆሞ በሚመለከት ሰው አንደበት ነው። ገበሬው ወይም ከብት አርቢው በወንዙ ዳርቻ ሲያልፍ፣ አንዱ ጎንበስ ብሎ ከገደሉ ሥር ባለ ፈፋ ውስጥ እንጨት ወይም ጦር ሲሰድ አየ፤ ሳቀበት፤ ሳቁም ተረት ሆኖ ቀረ። የጎርጓሪው ዕውቀት ግን በተረቱ ውስጥ አልገባም። ጨርጨር ደግሞ የዚህ ዓይነቱን ነገር ለማንሣት የማይመች አገር አይደለም። በ1910ዎቹ መጀመሪያ የዘመናዊው አማርኛ ተውኔት ፋና የሆነውን «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን የደረሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በኋላ ጨርጨርን ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። በተረቶቻችን አንበሳ ይፈርዳል፣ ጅብ ይዋሻል፣ ጦጣ ታታልላለች፤ ዓሣ ግን ከሞላ ጎደል ድምፅ የለውም። ዓሣ አጥማጁም እንደዚሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ ታችኛው የኦሞ ሸለቆ መውረድ ያስፈልጋል። በዚያ አካባቢ ከአጥንት ተቀርጸው የተሠሩ፣ በጎናቸው ወደ ኋላ የዞሩ ጥርሶች ያሏቸው የጦር ጫፎች ተገኝተዋል፤ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስለእነዚሁ ጽፈዋል። ጫፎቹ የተሠሩት የቱርካና ሐይቅ ከዛሬው ከ70 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይንጣለል በነበረበት፣ ዝናብ በበዛበት በጥንቱ ዘመን ነው። ሐይቁ በዚያ ጊዜ ሞልቶ እየፈሰሰ ከዓባይ ተፋሰስ ጋር ይገናኝ ነበር። ዛሬ ናይል ፐርች የተባለው ግዙፍ ዓሣ በባሮም በቱርካናም የመገኘቱ ምሥጢር ከዚህ የውሃ ዝምድና ጋር የተያያዘ ነው። አርኬል የተባለው የታሪክ መርማሪ በካርቱም የቆፈረውን እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመ ጊዜ ተመሳሳይ የአጥንት ጦሮች ታይተዋል። ሰተን የተባለው ሌላ ምሁር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ከሰሐራ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች የተዘረጋ አንድ የውሃ ሥልጣኔ እንደነበረ አድርጎ ሐሳብ አቅርቧል። በኮንጎ በካታንዳ የተገኙት ጥርሳም ጫፎች በተመራማሪዎች ስሌት 90,000 ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው፤ አብረዋቸው የተገኙትም የትላልቅ ዓሦች አጥንቶች ናቸው። እንግዲህ ትልቅን ዓሣ በጦር መውጋት፣ ከእርሻም ከከብት እርባታም እጅግ የቀደመ የሰው ልጅ ሙያ ነው።

መሣሪያው ራሱ ስለ ሙያተኛው ይመሰክራል። የጦሩ ጥርስ ወደ ኋላ የዞረው ለማቁሰል ብቻ አይደለም። ትልቅ ዓሣ ተወግቶ ዝም አይልም፤ ይጎትታል፣ ይጠመዘዛል፣ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ስለዚህ ጥበበኛው የጦሩን ጫፍ ከዘንጉ የሚላቀቅ አድርጎ በገመድ ያስረዋል፤ በገመዱም ላይ ተንሳፋፊ ቀላል እንጨት ያስራል። ዓሣው ሲሸሽ ተንሳፋፊው በውሃው ላይ እየሄደ መንገዱን ያሳያል፤ አጥማጁም ከጉልበት ጋር ሳይታገል ድካሙን ይጠብቃል።

መቅረብም የራሱ ሕግ አለው። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ ዓሣው ካለበት ከፍ ብሎ ይታያል። በቀጥታ ቁልቁል ሲመለከቱት እንኳ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ነገር 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ጠልቆ የቆመ ይመስላል፤ አግድም ሲመለከቱት ደግሞ ስሕተቱ ይብሳል። ስለዚህ ያየውን የሚወጋ ይስታል፤ ከሚያየው ዝቅ አድርጎ የሚወረውር ያገኛል። ዓሣ ደግሞ በጎኑ በተዘረጋ ስስ የስሜት መስመር የውሃን ንቅናቄ ይሰማል። እግሩን እያነሣ የሚጥል አጥማጅ ገና ሳይደርስ መምጣቱን ያውጃል፤ እግሩን ከአሸዋው ሳያነሣ እየገፋ የሚሄድ ግን ከወንዙ ፍሰት ጋር ይመሳሰላል። ጥላም ጠላት ነው። ፀሐይን በጀርባው አድርጎ የሚቀርብ ሰው ጥላውን ከራሱ በፊት ይልካል። የብርሃን መታጠፍን ሕግ በሒሳብ ቀመር ከመጻፉ ከብዙ ሺህ ዓመታት አስቀድሞ፣ የባሮና የኦሞ ሰው በክንዱ ያውቀው ነበር።

ይሁን እንጂ የጥበቡ ከፍተኛ ደረጃ መቅረብ ሳይሆን ዓሣው ራሱ እንዲቀርብ ማድረግ ነው። ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሱዳን በኩል ከሚኖሩ ኑዌሮች ጋር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ግሩም ምስክር ትቷል። ኑዌር በእኛም በኩል በጋምቤላ ምድር የሚኖር ሕዝብ ነው። የጎርፉ ውሃ ጎድሎ ከኩሬዎቹ ወደ ወንዙ መመለስ ሲጀምር፣ አጥማጆቹ የሚወርድበትን ቦይ ይገድባሉ። በሌሊት ከግድቡ ጀርባ እሳት ይነዳል። ከግድቡ በላይ ደግሞ ደረቅ የሣር አገዳዎች በአንድ መስመር ይተከላሉ። አጥማጁ ዓይኑን የሚተክለው በዓሣው ላይ አይደለም፤ በጨለማ የደፈረሰ ውሃ ውስጥ ዓሣ አይታይምና። የሚመለከተው ሣሩን ነው። አገዳው ሲነቃነቅ ዓሣው መጣ ማለት ነው፤ ጦሩም ያን ጊዜ ይወረወራል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ያለውን አስተሳሰብ ልብ ይሏል። ወንዙ ጠበበ፣ መንገዱ ታወቀ፣ ብርሃን ተዘጋጀ፣ ምልክትም ተተከለ። ተውኔት የሚያዘጋጅ ሰው መድረኩን የሚያሰናዳው ከዚህ በተለየ መንገድ አይደለም፤ ተዋናዩ ከመግባቱ በፊት መግቢያው፣ መብራቱና ምልክቱ መታወቅ አለባቸው። ሣሩን የተከለው ሰው የማይታየውን በሚታይ ነገር መግለጥን ያውቅ ነበር።

ወቅትን ማወቅም እንደ መሣሪያ ይቆጠራል። አምባዛ ኦክስጅን ባነሰው ውሃ ውስጥ እየኖረ አየር ለመሳብ ወደ ላይ ብቅ ይላል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ተጥለቀለቀው ሣር ይወጣል። በባሮ ረግረግ የሚኖረው ባለ ሳንባ ዓሣም ያለ አየር አይኖርም። ዓሣው ሊተነፍስ የሚወጣበትን ስፍራ አይቶ የሚጠብቅ አጥማጅ ማባበያ አያስፈልገውም፤ የእንስሳው ሕይወት ራሱ ወደ ጦሩ ያመጣዋል።

ይህ ጥበብ የእኛ ብቻ አይደለም። በጥንታዊት ግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ ባለቤቱ በደንገል ታንኳ ቆሞ በሁለት ጫፍ ጦር ሁለት ዓሦችን በአንድ ጊዜ ሲወጋ ተስሏል፤ ብዙውን ጊዜ አንደኛው ናይል ፐርች ነው። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የኦጂብዌ ሕዝብ በበረዶው ላይ ቀዳዳ ከፍቶ፣ ራሱን በጨለማ ሸፍኖ ተኝቶ፣ ከእንጨት የቀረጸውን ትንሽ ዓሣ በክር እያንቀሳቀሰ ትልቁን ይጠራል። እነዚያ ቅርጾች ዛሬ በሙዚየም የሚታዩ የጥበብ ሥራዎች ሆነዋል። በሜዲትራኒያን ባሕር ትንፋሹን ይዞ የሚጠልቅ አጥማጅ ደግሞ ዓሣውን አያሳድድም፤ ከድንጋይ ሥር ተኝቶ ዓይኑን ሰበር አድርጎ ዝም ይላል፤ ዓሣው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ለማየት ይመጣል። ትልቅ ዓሣ ከሚያሳድደው ይሸሻል፤ ወደማይነቃነቀው ግን ይጠጋል።

በጣና ሐይቅ የወይጦ ሕዝብ የዚህ ሙያ ባለቤት ሆኖ ኖሯል። በደንገል ታንኳ ድምፅ ሳያሰማ ጉማሬን ያህል አውሬ ቀርቦ በጦር ይጥል ነበር። ስለ ወይጦዎች ከ18ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ መንገደኞች ጽፈዋል። ነገር ግን ያን ሁሉ ድፍረትና ብልሃት የተመለከተው የደጋ ሰው ምስጋና አልሰጣቸውም፤ ጉማሬ በላ ብሎ አራቃቸው፣ ማዕዱን ከለከላቸው። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ ተናጋሪ ሆኑ፤ ከቋንቋው ጋር ስንት የውሃና የዓሣ ስም እንደጠፋ የሚነግረን የለም። በጎርጓሪው ላይ የሳቀው ሳቅ በወይጦ ላይ ፍርድ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ታሪክ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በጣና ላይ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ፤ ለብዙ ሰው ምግብና ገቢ ማምጣቱ አይካድም። ሆኖም ከ15 የማያንሱ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ባሉበት በዚያ ሐይቅ፣ ዓሦቹ በክረምት ወደ ርብና ወደ ጉማራ ለመራባት ሲሰበሰቡ መረቡ በወንዞቹ አፍ ጠበቃቸው። ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የእነዚህ ዓሦች ክምችት በ75 በመቶ ያህል ቀነሰ። በዚህ ላይ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወደ ውሃ የመበተን ልማድ አለ። በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ የዓሣውን መተንፈስ ያግዳል፤ ትልቁም ትንሹም አብሮ ይንሳፈፋል።

እርግጥ ጦርም ይገድላል፤ ግድብ ሠርቶ ሊራባ የሚሄደውን ዓሣ የሚወጋም ጉዳት ያደርሳል። ልዩነቱ ግን ጦር መምረጥ ያለበት መሆኑ ነው። አንድ ክንድ አንድ ዓሣ ይወጋል፤ ለዚያም ሌሊቱን ሲጠብቅ ያድራል። ብርብራ የሚበትን ሰው ስለ ዓሣው ምንም ማወቅ አያስፈልገውም። ጦር የሚወረውር ሰው የዓሣውን እስትንፋስ፣ መንገዱን፣ ፍርሃቱንና ወቅቱን ሁሉ ማወቅ አለበት፤ ያወቀውን ነገር ደግሞ እንዲያልቅበት አይፈልግም።

እንግዲህ የገለምሶው መምህር ምሳሌያዊ አነጋገሩን ሲያስተምር ከትርጉሙ ጎን ሰውየውንም ቢያስተዋውቅ መልካም ነው። ሠዓሊው በወንዝ ዳር የተተከለውን የሣር መስመር ይሣለው፤ ጸሐፌ ተውኔቱም ለዓሣ አጥማጁ አንደበት ይስጠው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን በባሮና በአኮቦ፣ በኦሞና በጣና ዳርቻ ዛሬም ከሚኖሩት ሽማግሎች ዘንድ ሄዶ የጦሩን፣ የገመዱንና የተንሳፋፊውን እንጨት ስም በየቋንቋቸው መመዝገብ ያስፈልጋል። ጎርጓሪው ያወጣው ዘንዶ ብቻ አልነበረምና፣ ያወጣውን ዓሣም እንቁጠርለት።