ድምፅ ከተንቀጠቀጠ ውሸት ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ኮምፒዩተር የሰው ድምፅ ሰምቶ ውሸታሙን ይለያል ይባላል፤ እውነት ነው?» አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አብዛኞቻችን ኢንተርቪው አልፈናል፣ ወይም እየጠበቅን ነው። መልሱ ያለው ታሪኩ ውስጥ ስለሆነ እነሆ።

እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካ በርክሌይ ከተማ ጆን ላርሰን የተባለ ፖሊስ የደም ግፊትንና ትንፋሽን እየመዘገበ ውሸት ያጋልጣል የተባለ መሣሪያ ሠራ። ይህ መሣሪያ ግን ሰውነት ላይ መታሰር ነበረበት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቀድሞ የአሜሪካ ጦር መኮንኖች ዴክቶር በሚባል ኩባንያቸው አማካይነት ድምፅን ብቻ የሚመረምር አቀረቡ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የሚዋሽ ይጨነቃል፣ ሲጨነቅ የጉሮሮው ጡንቻ ይለወጣል፣ ድምፁም ያሳብቃል። ልብ በሉ፣ መሣሪያው የሚፈልገው ጭንቀትን እንጂ ውሸትን አይደለም። እውነቱን እየተናገረ የሚጨነቅስ?

ከዚያ ሶፍትዌሩ መጣ። የእንግሊዝ መንግሥት በ2007 የድጎማ ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎችን በስልክ እያነጋገረ ሞከረው፤ አስተማማኝ ማስረጃ ስላልተገኘ በ2010 ተወው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የኦክላሆማው ጥናት ነው። ውጤቱ የወጣው በ2008 ነው። ከ300 በላይ እስረኞች በቅርቡ ዕፅ ወስደው እንደሆነ ተጠየቁ፤ ድምፃቸው በሁለት ዓይነት ፕሮግራም ተመረመረ፣ ሽንታቸውም ተመረመረ። ከዋሹት ውስጥ ማሽኑ የያዘው 15 በመቶውን ብቻ ነው። እውነት ከተናገሩት ደግሞ 8 በመቶ ያህሉን ዋሽታችኋል አለ። ታዲያ አንድ ነገር ታየ፦ በማሽን ፊት ከተጠየቁት የዋሹት 14 በመቶ ሲሆኑ፣ ቀደም ሲል ያለ ማሽን በተደረገ ጥናት ግን 40 በመቶ ዋሽተው ነበር። ማሽኑ አያውቅም፤ ያስፈራል እንጂ!

ይህ የአገራችንን ሌባሻይ ያስታውሰኛል። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ራሱን ሲስት በገመድ ተይዞ ይለቀቃል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ሌባሻይ ተጠራ ሲባል የማይደነግጥ ሌባ ማን ነበር? ያልሰረቀውም ይደነግጥ ነበር እኮ።

አሁን አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የሚባለው በአሠራሩ ይለያል። ሕጉ አይነገረውም፤ ከተቀረጹ ብዙ ድምፆች ራሱ ይማራል። ችግሩ ድምፆቹ የማን ናቸው የሚለው ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እነ ጁሊያ ሂርሽበርግ 32 የአሜሪካ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችን ለጥናት አዋሽተው ቀረጹ፤ በ2005 ባወጡት ውጤት ኮምፒዩተሩ ከ100 ጊዜ 66ቱን አገኘ። ሳይሰማ «ሁሉም እውነት ነው» የሚል ሰው 60ውን ያገኝ ነበር። በአስተርጓሚ የሚናገር፣ ያየውን ሲያወራ ድምፁ የሚቆረጥበት ሰው እዚያ ውስጥ የለም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ባወጣው ሕግ በስደት፣ በጥገኝነትና በድንበር ጉዳይ ባለሥልጣናት የሚጠቀሙባቸውን ውሸት መርማሪዎችና መሰል መሣሪያዎች ከፍተኛ አደጋ ካላቸው ወገን መድቧቸዋል። ቁጥጥር ይደረግባቸው ይላል፤ አልከለከላቸውም።