የምርጫ ሰሞን ዲፕሎማሲ፤ እስራኤል እና እኛ

«እስራኤል የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ የላትም፤ ያላት የአገር ውስጥ ፖለቲካ ብቻ ነው» የሚለው አባባል የሄንሪ ኪሲንጀር እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። አባባሉ ግነት ቢኖርበትም ከእውነት የራቀ አይደለም። በዚያች አገር ምርጫ በተቃረበ ቁጥር፣ ጄኔራሎቹም ሆኑ ዲፕሎማቶቹ የሚያደርጉት ሁሉ በሁለት ሚዛን ይመዘናል፤ አንዱ የጸጥታ፣ ሌላው የድምፅ መስጫ ሣጥን ሚዛን ነው። ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ ሊታየን ይችላል። ያለፈውን ግማሽ ምዕተ ዓመት ታሪክ ላገላበጠ ግን፣ በዚያ ሚዛን ላይ በተደጋጋሚ የተቀመጥነው እኛው ራሳችን ነን። ጥያቄዬም ይኸው ነው፤ እነርሱ ለመራጫቸው ሲሉ ሲደራደሩ፣ የእኛዎቹ ገዥዎች ለማን ሲሉ ይደራደሩ ነበር? (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የነገሩ መሠረት የተጣለው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ዳዊት ቤን ጉርዮን በአረብ ጎረቤቶቻቸው ቢከበቡ፣ ከእነዚያ ጎረቤቶች ጀርባ ያሉትን አረብ ያልሆኑ አገሮች ወዳጅ ለማድረግ አሰቡ። ቱርክ፣ ኢራንና ኢትዮጵያ የዚህ ስልት ሦስቱ ምሰሶዎች ሆኑ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1947 በፍልስጥኤም መከፈል ላይ በተባበሩት መንግሥታት ድምፅ ሲሰጥ በድምፀ ተአቅቦ ያለፉ ጥንቁቅ ሰው ነበሩ፤ ለእስራኤል ሙሉ እውቅና የሰጡትም በ1961 ነው። ከዚያ በኋላ ግን የእስራኤል አሠልጣኞች በጦሩና በፖሊሱ ውስጥ ገቡ። ለእነርሱ የቀይ ባሕር በር ነበርን፤ ለንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ እስራኤል በኤርትራ ጉዳይ የምትረዳ ባለሙያ ነበረች። ጉዳዩ በየትኛውም የኢትዮጵያ ምክር ቤት በግልጽ ተከራክረውበት የጸደቀ አልነበረም።

ከዚያ 1973 መጣ። የእስራኤል ምርጫ የተቆረጠለት ቀን ጥቅምት 30 ነበር። ገዥው የሠራተኞች ጥምረት በምርጫ ማስታወቂያው በሱዌዝ ዳርቻ ጸጥታ መስፈኑን ለሕዝቡ ያበሥር ነበር። ጥቅምት 6 ቀን የግብፅ ጦር ያንኑ ቦይ ተሻገረ። ምርጫው ወደ ታኅሣሥ 31 ተላለፈ፤ በጦርነቱ መካከልም፣ ጥቅምት 23 ቀን፣ ኢትዮጵያ ግንኙነቷን ማቋረጧን አስታወቀች። የሊቢያው ጋዳፊ በዚያው ዓመት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫ ከአዲስ አበባ እንዲነሣ ሲወተውቱ ከርመው ስለነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከወዳጅነቱና ከድርጅቱ መቀመጫ አንዱን ለመምረጥ የተገደዱ ይመስላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ንጽጽር ያስተምራል። ጎልዳ ሜየር በምርጫው መቀመጫ ቢቀንስባቸውም አሸነፉ፤ ሆኖም የአግራናት መርማሪ ኮሚሽን የመጀመሪያ ሪፖርቱን ባወጣ ማግስት፣ በሚያዝያ 1974፣ የሕዝቡን ቁጣ ሊቋቋሙት አልቻሉምና ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት መስከረም 12 ቀን ንጉሠ ነገሥታችን በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ። አንደኛዋን ያወረደ ጥያቄ የሚቀርብበት ሥርዓት ነበር፤ ሌላውን ያወረደ ጥያቄ የሚቀርብበት ሥርዓት አለመኖሩ ነው።

ደርግም በይፋ የተዘጋውን በር በጓሮ ከፈተው። በ1977 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባ፣ አሜሪካ የጦር መሣሪያ እርዳታዋን አቁማ ነበር፤ ሠራዊቱ የታጠቀው ግን በአብዛኛው የአሜሪካን መሣሪያ ነበርና መለዋወጫ ያስፈልገው ነበር። በግንቦት የተካሄደው የእስራኤል ምርጫ ደግሞ ሜናኸም ቤጊንን ወደ ሥልጣን አመጣ። ቤጊን መሣሪያውን ላኩ፤ በምላሹም ቤተ እስራኤላውያንን ጠየቁ። በዚያ ዓመት መሣሪያ አራግፈው በተመለሱ ሁለት አውሮፕላኖች መቶ ሃያ ያህል ሰዎች ሄዱ። በየካቲት 1978 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሞሼ ዳያን እስራኤል ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንደምትሸጥ በአደባባይ ተናገሩ፤ ለምን እንደተናገሩት ዛሬም ያከራክራል። በአረብ ዓለምና በሶቪየት ወዳጆቻቸው ፊት የተጋለጡት ኮሎኔል መንግሥቱ ስምምነቱን ወዲያውኑ አፈረሱ። ዳያን በተናገሩት ዓረፍተ ነገር ዋጋ የከፈሉት ዳያን አልነበሩም፤ በጎንደር መንደሮች የቀሩት ናቸው። ከእነርሱም ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ በእግራቸው ወደ ሱዳን ሲያቀኑ በመንገድና በመጠለያ ካምፕ አለቁ።

ሦስተኛው ምዕራፍ 1991 ነው። የሶቪየት እጅ ሲላላ ደርግ በ1989 ከእስራኤል ጋር የነበረውን ግንኙነት አደሰ። ኡሪ ሉብራኒና አምባሳደር አሸር ናይም በእስራኤል በኩል፣ አቶ ካሳ ከበደ በኢትዮጵያ በኩል ተደራደሩ። ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 21 ቀን አገር ጥለው ሄዱ፤ ግንቦት 24 እና 25 በሠላሳ ስድስት ሰዓት ውስጥ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ተጓዙ። ለዚህም 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ። የተሳፈሩት ለዘመናት የናፈቁት ምድር ደረሱ፤ በዚህ ማንም ሊያዝን አይገባም። ነገር ግን አንድ መንግሥት ዜጎቹን በነጻነት እንዲሄዱ መፍቀድ ሲገባው፣ በዶላር ተምኖ «ማስረከቡ» በታሪካችን የሚያሳፍር ገጽ ነው። ፈላሽ ሙራ የተባሉት ደግሞ በዚያው በአዲስ አበባ ቀሩ፤ ቤተሰብ ከሁለት ተከፈለ።

ይህ ሁሉ ጀብዱ ለይትዛቅ ሻሚር ድምፅ አስገኘላቸውን? አላስገኘም። ከዓመት በኋላ፣ በሰኔ 1992፣ ይትዛቅ ራቢን አርባ አራት መቀመጫ አግኝተው ሲያሸንፉ የሻሚር ሊኩድ ሠላሳ ሁለት ብቻ አገኘ። መራጩ ያሰበው ስለ ሰፈራ መንደሮችና አሜሪካ ስላዘገየችው የ10 ቢሊዮን ዶላር የብድር ዋስትና ነበር። በሌሎቹም ምርጫዎች ውጤቱ የተደበላለቀ ነው። ቤጊን በሰኔ 1981 ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው የኢራቅን የኒውክሌር ማብለያ አስደበደቡና 48 ለ47 በሆነ የመቀመጫ ልዩነት ቀደሙ። ሺሞን ፔሬስ በሚያዝያ 1996 በሊባኖስ ላይ ዘመቻ ከፈቱ፤ በቃና ከመቶ በላይ ሲቪሎች አለቁ፤ የአረብ ተወላጅ መራጮች አኮረፉ፤ ፔሬስም ከመቶ አንድ እጅ በማይሞላ ልዩነት በኔታንያሁ ተሸነፉ። መድፍ ድምፅ ሊያመጣ ይችላል፤ ድምፅ ሊያሳጣም ይችላል።

የቅርቡን ደግሞ እንመልከት። በ2019 ክረምት አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወጣት በፖሊስ ጥይት ተገድሎ እስራኤል በተቃውሞ ታምሳ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ እስራኤልን የጎበኙት በመስከረም መጀመሪያ፣ ማለትም ከመስከረም 17ቱ ምርጫ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። በየካቲት 2020፣ ሌላ ምርጫ አንድ ወር ሲቀረው፣ ኔታንያሁ ከሱዳኑ ጄኔራል ቡርሃን ጋር በኢንቴቤ ተገናኙ፤ በዚያው ወር መንግሥታቸው አራት መቶ ያህል ሰዎች ከኢትዮጵያ እንዲገቡ ወሰነ። በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት የሚጠብቁት ሰዎች ጉዳይ በአንድ የምርጫ ሰሞን ሲንቀሳቀስ ያየ፣ ሳይንቀሳቀስ የቀረው ለምን እንደነበረም ይረዳል።

ስለ እስራኤል ብቻ ተናግሬ ባልፍ ግን ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እንዳይባል፣ የእኛንም ላንሣ። የድንበር ኮሚሽኑ በሚያዝያ 2002 ባድመን ለኤርትራ ወሰነ፤ አቶ መለስ ዜናዊ በ2003 ውሳኔውን ተቃወሙ፤ በኅዳር 2004፣ የግንቦት 2005 ምርጫ ስድስት ወር ሲቀረው፣ ባለ አምስት ነጥብ የሰላም ሐሳብ ይዘው ውሳኔውን «በመርህ ደረጃ» ተቀበሉ። ተቃዋሚዎችም የባድመንና የአሰብን ጉዳይ የምርጫ ክርክር አደረጉት። ክርክሩ መራራ ነበር፤ ሆኖም አንድ ነገር መካድ አይቻልም፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ስለ ድንበሩ መንግሥቱ ሲጠየቅ በቀጥታ ሥርጭት የሰማው ያን ጊዜ ነው።

እኔ የምደርስበት መደምደሚያ እንግዲህ ይህ ነው። ምርጫ የጸጥታ ፖሊሲን ያረክሳል የሚሉ አሉ፤ አንዳንዴ ያረክሰዋል፤ የቃና ሟቾች ምስክር ናቸው። ነገር ግን ምርጫ የሌለበት የጸጥታ ፖሊሲ ዜጋን የመሣሪያ መለወጫ እስከ ማድረግ ይደርሳል፤ 1977 እና 1991 ምስክሮቼ ናቸው። ከእስራኤልም ሆነ ከሌላ ኃያል ጋር የሚደራደር መንግሥታችን የዚያኛውን ወገን የምርጫ ቀን ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባል። ከዚያ በፊት ግን የራሱን ምክር ቤት ሊያስብ ይገባዋል። የሚፈርመውን ነገ በሕዝብ ፊት ቆሞ የሚያስረዳበት ቀን እንዳለ የሚያውቅ ተደራዳሪ፣ ዛሬ የአገሩን ልጅ በዋጋ አይተምንም።

ቸር ይግጠመን።

ቤቴል፣ አዲስ አበባ