ከአለቃው በር ፊት ለፊት

አዲሷ ጸሐፊ ፔጊ ኦልሰን ሥራ በጀመረችበት ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ የጠበቃት የጽሕፈት መኪና በዚያ ቀን እዚያ ሊገኝ አይችልም። በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ የሚካሄደው «ማድ ሜን» የተባለው የአሜሪካ ድራማ የሚጀምረው በማርች 1960 ነው (ታሪኩ የኒው ዮርክ ስለሆነ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልያዛቸው)። የጸሐፊዎቹ የበላይ ጆአን ሆሎዌይ ሽፋኑን ገልጣ የምታሳያት መኪና ግን አይ ቢ ኤም ሴሌክትሪክ ነው፤ ሴሌክትሪክ ደግሞ ለገበያ የቀረበው በጁላይ 1961 መጨረሻ ነው። የድራማው ፈጣሪ ማቲው ዋይነር፣ ሳህን ላይ የተቀመጡትን ፖሞች እንኳ የዚያ ዘመን ፖም እንዲህ አይፋፋም ብሎ ያስቀየረ ሰው ነው ይባላል። ፖሙን ለክቶ መኪናውን አሳለፈ።

ታይፒስት የነበረ ሰው ይህን ሳያይ አያልፍም። እኔም አየሁ፤ ግን አልተቀየምኩትም። ያለዚያ መኪና ያ አዳራሽ ያንን መልክ ባላገኘ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመርኩት በኦሊቬቲ ነው። በእንደዚያ ዓይነት መኪና ፊደል በመታሽ ቁጥር ወረቀቱን የያዘው ሮለር ወደ ግራ ይገፋል። በግራሽ በኩል የሻይ ብርጭቆ ካስቀመጥሽ፣ መስመሩ ሳያልቅ ብርጭቆው መሬት ላይ ነው። ጣትሽ ከፈጠነ ደግሞ የፊደል ክንዶቹ አየር ላይ ተጠላልፈው ይቀራሉ፤ በእጅሽ እያላቀቅሽ ጥፍርሽ ሥር ቀለም ይገባል። ሴሌክትሪክ ከዚህ ሁሉ ገላገለ። ሮለሩ ባለበት ይቆማል፤ የምትሄደው የጎልፍ ኳስ የምታህል ድቡልቡል ናት። 88 ምልክት ተቀርጾባታል፤ ቁልፉ ሲነካ ዞራና አዘንብላ ሪባኑን ትመታለች። ቅርጹን የነደፈው ኤልየት ኖይስ የሕንፃ ባለሙያ ነበር፤ መኪናውን አንድ ወጥ ድንጋይ አስመሰለው። ጆአን ለፔጊ ስታስረዳት፣ የሠሩት ወንዶች ሴት እንኳ እንድትጠቀምበት አድርገው አቅልለውታልና አትፍሪው ትላታለች። እሷ ራሷ የምታምንበት ይመስላል፤ ቀልዱን ያከበደው ይህ ነው።

ድራማው ከ2007 እስከ 2015 በ92 ክፍሎች ታይቷል፤ አራት ዓመት በተከታታይ የኤሚን የምርጥ ድራማ ሽልማት ወስዷል። ሰው ስለሱ ሲያወራ የሚያነሣው ሱፉን፣ ውስኪውን፣ ጭሱን ነው። ሲጋራው ከዕፀዋት ቅጠል የተጠቀለለ፣ ኒኮቲን የሌለው ነበር። ከልብሱ ወዳጆች ጋር አልጣላም፤ የጆአን ቀሚሶች የሚያስቀኑ ናቸው። እኔን ግን ሰባቱን ወቅት ያስጨረሰኝ የወረቀቱ መንገድ ነው። አንድ ደብዳቤ ከአለቃው አፍ ወጥቶ፣ በጸሐፊዋ ማስታወሻ ላይ በአጭር ጽሕፈት ተጭሮ፣ በመኪናው ተመትቶ፣ ለፊርማ ተመልሶ ገብቶ እስኪወጣ ያለውን ጉዞ እንዲህ ያሳየ ሌላ ድራማ አላውቅም። ያንን መንገድ የምታውቅ ሴት መሥሪያ ቤቱን ታውቀዋለች። ማን እንደሚባረር፣ ማን እንደሚያድግ፣ የማን ሚስት እንደደወለች ከባለቤቶቹ ቀድማ ትሰማለች።

አብራኝ የምታየው ልጄ ቨርጂኒያ ውስጥ ቢሮ ነው የምትሠራው። የፔጊ አለቃ ዶን ድሬፐር ወደ ኋላ ተለጥጦ ደብዳቤ ሲያስጽፍ አይታ፣ «እማዬ፣ ጣት የለውም እንዴ?» አለችኝ።

ጣትማ አለው፤ የከለከለው ወግ ነው። ወጉ ደግሞ ረጅም ታሪክ አለው። ጠመንጃ ሠሪው ሬሚንግተን በ1874 የመጀመሪያውን ተወዳጅ የጽሕፈት መኪና ሲያወጣ፣ የአሜሪካ ቢሮ የወንድ ቤት ነበር፤ ጸሐፊውም ወንድ ነበር፣ ነገ አለቃ እሆናለሁ ብሎ የሚጽፍ። በ1881 የኒው ዮርክ የወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ለሴቶች የታይፕ ትምህርት ከፈተ። መኪናው አዲስ ስለነበረ የወንድ ሙያ ነው የሚል አልነበረም፤ የሴት ደመወዝም ርካሽ ነበር። እየቆየ መተየብ የሴት ሥራ ሆነ፤ የሴት ሥራ ከሆነ በኋላ ወደ አለቃነት የሚያወጣው መሰላል ተነሣ። በ1911 የተከፈተው የካትሪን ጊብስ ትምህርት ቤት ሴቶቹን ከአጭር ጽሕፈትና ከታይፕ ጋር ባርኔጣና ነጭ ጓንት ማድረግን ጨምሮ አሠልጥኖ ይልክ ነበር። ፔጊ የመጣችበት የሚስ ዲቨር ትምህርት ቤት የደራሲው ፈጠራ ነው፤ ሞዴሉ የት እንዳለ ግን ይታወቃል።

እንግዲህ በ1960 ማዲሰን ጎዳና ላይ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ስትገቢ የምታዪው ይህ ነው። መሐሉ ሰፊ አዳራሽ፣ በጣሪያው ላይ የተደረደረ የፍሎረሰንት መብራት፣ ከሥሩ የሴቶች ጠረጴዛ በሰልፍ። ዙሪያውን የወንዶቹ ክፍሎች። መስኮቱም በሩም የእነሱ ነው። ዋይነር ይህን ሲሠራ የቢሊ ዋይልደርን የ1960 ፊልም «ዘ አፓርትመንት»ን እንደ አስተማሪው ነው የሚያነሣው፤ በዚያ ፊልም አዳራሹ መጨረሻ የሌለው እንዲመስል ከኋላ ያሉት ጠረጴዛዎች ሆን ተብሎ አንሰው ተሠርተዋል። በድራማው ውስጥ የመውጣትና የመውረድ መለኪያ በር ነው። ፔጊ የማስታወቂያ ጽሑፍ ጸሐፊ ሆና ካደገች በኋላ እንኳ በ1962 ዜሮክስ 914 የተባለው ማባዣ ሲመጣ የሚቀመጥበት ቦታ ጠፍቶ እሷ ክፍል ውስጥ ይገተራል። ሌላው ሰው አይቶ ይስቅ ይሆናል። እኔ አልሳቅሁም።

ስለዚያ ማባዣ ግን ጥቂት ልበል፤ እንደሱ ቢሮን የገለበጠ ዕቃ የለም። ለሕዝብ የታየው በ1959 ነው። ወደ 300 ኪሎ ይመዝናል። 914 የተባለው የሚቀበለው ወረቀት 9 በ14 ኢንች ስለሆነ ነው። እየጋለ ወረቀቱን ስለሚለኩስ ከነእሳት ማጥፊያው ነበር የሚቀርበው፤ ኩባንያው «እሳት» ማለት ስለከበደው «የቃጠሎ ማስወገጃ» አለው። የማስታወቂያ ቋንቋ ማለት ይኸው ነው። ከሱ በፊት ቅጂ የሚባለው ካርቦን ነው። እኛ ዋናውን፣ የፋይሉንና የመዝገብ ቤቱን በአንድ ምት ነበር የምናወጣው፤ ሦስት ወረቀት፣ በመሐል ሁለት ካርቦን። መጨረሻው መስመር ላይ አንድ ፊደል ከሳትሽ ሦስቱንም ለየብቻ ማጥፋት ነው፤ ዋናውን በምላጭ ጫፍ በስሱ ፍቀሽ፣ ቅጂዎቹን በላጲስ አሽተሽ፣ ካርቦኑ እንዳያበላሸው መሐሉ ቁራጭ ወረቀት ሰክተሽ፣ ከዚያ ሮለሩን ያንኑ መስመር ላይ መልሰሽ። አንድ ጊዜ አለቃዬ አንድ ሙሉ ገጽ እንደገና አስመትቶኛል፤ የተሳተው የራሱ ማዕረግ ነበር። ለማባዣ በሚመታው በሰም የተቀባ ወረቀት፣ በስቴንስል ላይ ደግሞ ስሕተቱን በቀይ ፈሳሽ ቀብተሽ፣ እስኪደርቅ እፍ እያልሽ መጠበቅ ነው፤ ሽታው ራስ ያዞራል።

በዚሁ ጣጣ ሀብታም የሆነች ጸሐፊ አለች። ቤቲ ነስሚዝ ግሬም በዳላስ የባንክ ጸሐፊ ነበረች፤ ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ። የኤሌክትሪኩ መኪና ሪባን በላጲስ ሲነካ ወረቀቱን ያጨቀያል። እሷ የሥዕል ሰው ስለነበረች፣ ሠዓሊ ሲሳሳት አይፍቅም፣ ደርቦ ይቀባል ብላ በ1950ዎቹ ነጭ ቀለም በትንሽ ጠርሙስ ይዛ ቢሮ መግባት ጀመረች። ጓደኞቿ ስጪን አሏት፤ ማድ ቤቷ ፋብሪካ ሆነ። ሊኩዊድ ፔፐር የተባለውን ኩባንያ በ1979 ለጂሌት የሸጠችው በ47.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። የዚህችን ሴት ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ የኛ ሙያ ሰው ናት።

ፔጊም ከአዳራሹ የወጣችው በሙያዋ ምክንያት ነው። የሊፕስቲክ ድርጅት ደንበኛ ሲመጣ ጸሐፊዎቹን አንድ ክፍል ሰብስበው ቀለም ያስቀቧቸዋል፤ ወንዶቹ ከመስተዋቱ ጀርባ ሆነው እየጠጡ ይመለከታሉ። ፔጊ ግን አትቀባም፣ ሌሎቹን ታያለች፤ የተቀቡትን ከንፈር የጠረጉባቸው ወረቀቶች ስለተጣሉበት ቅርጫት የተናገረችው አንድ ሐረግ ነው ጸሐፊነቷን ያስቀየረው። ይህ የደራሲ ሕልም አይደለም። ሔለን ገርሊ ብራውን በሎስ አንጀለስ የአንድ ማስታወቂያ ድርጅት አለቃ ጸሐፊ ነበረች፤ ደብዳቤዋ ጥሩ መሆኑ ታይቶ ማስታወቂያ እንድትጽፍ ተደረገች፣ በ1962 አሜሪካን ያናወጠ መጽሐፍ አሳተመች፣ በ1965 የ«ኮስሞፖሊታን» አዘጋጅ ሆነች። ሸርሊ ፖሊኮፍ የክሌሮልን የፀጉር ቀለም ያስሸጠችው በ1956 ነው፤ ሜሪ ዌልስ በ1966 የራሷን ድርጅት ከፈተች። በድራማው ውስጥ ፔጊ ብቻዋን የምትታየውን ያህል በእውነተኛው ማዲሰን ጎዳና ሴት ጨርሶ አልጠፋችም ነበር። ዋይነር እዚህ ላይ ትንሽ አጋኗል፤ እንዲያ ባያደርግ ግን ያንን ብቸኝነት ባላየነው።

ማዲሰን ጎዳና ለጸሐፊዎቹ በዓልም ሰጥቷቸዋል። በ1952 በአሜሪካ የጸሐፊዎች ሳምንት ሲታወጅ ሐሳቡን ከጠነሰሱት አንዱ ሃሪ ክሌምፈስ ያንግ ኤንድ ሩቢካም የተባለው የማዲሰን ጎዳና ማስታወቂያ ድርጅት ባልደረባ ነበር። አበባ ሻጮችና ከረሜላ ሻጮች ሳይመርቁት አልቀሩም። ጭማሪ ደመወዝ በዓሉ ውስጥ አልነበረም።

ያው ድርጅት በአምስተኛው ወቅት መክፈቻ ላይ በሌላ መልኩ ይመጣል። በሜይ 1966 ድህነትን በመቃወም የተሰለፉ ሰዎች ከሕንፃው ሥር ሲያልፉ ሠራተኞቹ ከላይ ውሃ የሞሉ የወረቀት ከረጢቶች ጣሉባቸው። ይህ በጋዜጣ የወጣ እውነት ነው፤ ዋይነር ንግግሩን ሳይቀር ከ«ኒው ዮርክ ታይምስ» ዘገባ ወስዶታል። በድራማው የዶን ድርጅት ይህን መዝናኛ አድርጎ፣ እኛ ለሁሉም እኩል ዕድል እንሰጣለን የሚል የፌዝ ማስታወቂያ ያወጣል። ጥቁር ሥራ ፈላጊዎች አምነው ይመጣሉ፤ እንግዳ መቀበያው ይሞላል። ከዚያ በኋላ ነው ዶውን የምትባለው ጥቁር ጸሐፊ ከዶን በር ፊት የምትቀመጠው። እስከዚያ ድረስ ጥቁር ሰው በብዛት የምናየው ሊፍት የሚነዳውን ሆሊስንና የዶንን ልጆች የምታሳድገውን ካርላን ነው። ብዙ ሰው በዚህ ዋይነርን ወቅሶታል። ወቀሳው ትክክል ነው እላለሁ፤ ዶውንም ከመጣች በኋላ ታሪኳ ቶሎ ቶሎ ይቆረጣል። የማልረሳው አንድ ትዕይንት ግን አለ። ዶውን አንድ ሌሊት ፔጊ ቤት ታድራለች። ፔጊ ልትተኛ ስትል ገንዘብ ያለበት ቦርሳዋ ጠረጴዛው ላይ መሆኑን ታያለች። ዓይኗ እዚያ ላይ ይቆማል፤ ዶውንም አይታለች። ቦርሳው እዚያው ይቀራል። አንድም ቃል አይነገርም። እኔ አሜሪካን ከረገጥኩ ጀምሮ ያንን እይታ አውቀዋለሁ።

ወደ መጨረሻው ማካን ኤሪክሰን የተባለው ግዙፍ ድርጅት የእነ ዶንን ትንሽ ድርጅት ይውጠዋል፤ ዓመቱ 1970 ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ተቀይሯል። የእኩል ክፍያ ሕግ በ1963፣ የሲቪል መብቶች ሕግ በ1964 ወጥቷል፤ «ወንድ ይፈለጋል» እና «ሴት ትፈለጋለች» ተብሎ ተለይቶ የሚወጣውን የሥራ ማስታወቂያ «ኒው ዮርክ ታይምስ» በ1968 ማብቂያ ላይ ትቶታል። ማርች 1970 ላይ 46 የ«ኒውስዊክ» ሴት ሠራተኞች መጽሔታቸውን ከሰዋል። በዚህ ሁሉ መሐል ፔጊ ወደ አዲሱ ድርጅት ስትዛወር ቢሮ አልተዘጋጀላትም፤ ጸሐፊ መስላቸው ነው። ዕቃው ሁሉ ተጭኖ ከሄደ በኋላ ባዶው ሕንፃ ውስጥ ቀርታ፣ ክፍል እስኪሰጣት አልሄድም ብላ ትጠብቃለች።

የጆአን ይብሳል። ሽርካ ናት፤ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ይገባታል። አዲሶቹ ወንዶች ግን ሽርካነቷን አያዩትም፤ አንዱ አብረን እንጓዝ ይላታል። ለበላያቸው አቤት ስትል ደብዳቤና ጠበቃ እንደማይፈራ ይነግራታል። ያን ጊዜ የ«ኒውስዊክ»ን ሴቶችና የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽኑን ስም ትጠራለታለች። ሰውየው ከገንዘቧ ግማሹን ይዛ እንድትሄድ ይነግራታል። ሮጀር፣ የቀድሞ ሽርካዋ፣ ተቀበይው ይላታል። ትቀበላለች፤ የልጇን ፎቶ አንሥታ ትወጣለች።

በመጨረሻው ክፍል የራሷን ድርጅት በቤቷ ትከፍታለች። ስሙ «ሆሎዌይ ሃሪስ» ነው፤ የሁለት ሰው ስም ያለው ድርጅት እንዲታመን፣ የአባቷንም የቀድሞ ባሏንም ስም ተጠቀመችበት።