ገነተ ልዑል
በ1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ወደ ከተማችን ጅቡቲ ወርደው በመርከብ ሲሰደዱ፣ ስድስት ኪሎ ያለው ቤተ መንግሥታቸው ገነተ ልዑል ለፋሽስት እንደራሴ ቀረ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት በዚሁ ግቢ ነው። ጣሊያን እያንዳንዱን እርከን ለአንድ የፋሽስት የሥልጣን ዓመት ምሳሌ አድርጎ በደጁ ያቆመው የሲሚንቶ ደረጃ ዛሬም አለ፤ በጫፉ ግን የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ማፍረሱ ይቀል ነበር፤ ይህኛው መልስ ግን የበለጠ ይናገራል።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ በአረንጓዴው ሳሎን ተገደሉ። ንጉሠ ነገሥቱም ከዚያ በኋላ ሕንፃውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ዛሬ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ በእንጨት ላይ ከተሣሉት ቅዱሳት ሥዕላትና ከመስቀሎቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር፣ የንጉሡ መኝታ ቤት ከነመታጠቢያው ይታያል።