ቁልቢ ገብርኤል፦ የስለትና የቤተሰብ ጉዞ ታሪክ

ድሬዳዋን፣ እንደ ዋሂልና ጀልዴሳ ካሉ የገጠር አካባቢዎቿ ጋር፣ ከሐረርጌ ደጋ የሚለያት ገደላማ ዳገት በአካባቢው ታሪክ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ ከብዙ አዋጆች ይልቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በደቡብ ምዕራብ በኩል በደጋው ላይ ያለችው ቁልቢ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። የሲራራ ነጋዴው የት እንደሚያራግፍና ባቡሩ በየት እንደሚያልፍ የወሰነው ይህ ዳገት ነው፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል በዓል ልጆቹን ይዞ የሚወጣው ምእመን ጉዞውን የሚያሰናዳውም ዳገቱን አስቦ ነው።

ቁልቢ በታሪክ ጎልታ የወጣችው የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በታኅሣሥ 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ድል አድርጎ ሐረርን ከያዘ በኋላ ነው። የሐረርጌ ገዥ ሆነው የተሾሙት ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል ከሐረር ወደ ሸዋ የሚመላለሱት በደጋው መንገድ ስለነበር፣ በዚያው መስመር በምትገኘው ቁልቢ በ1880ዎቹ የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። በምእመናን ዘንድ የሚነገረው ትውፊት ሥራውን በየካቲት 1888 ዓ.ም. ከተገኘው የዐድዋ ድልና ራስ መኮንን ለመልአኩ ከገቡት ስለት ጋር ያያይዘዋል። ራሳቸው መሥራቹ በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ሕመም ጸንቶባቸው ያረፉት በዚያችው በቁልቢ ሲሆን፣ አስከሬናቸው ወደ ሐረር ተመልሶ ተቀብሯል። ዛሬ ከሩቅ የሚታየውን ትልቁን ሕንጻ ያሠሩት ደግሞ ልጃቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ ሥራው የተጠናቀቀው በ1950ዎቹ ነው።

ከአክሱም ጽዮን ወይም ከላሊበላ ጋር ሲነጻጸር ቁልቢ ገና ወጣት ደብር ነው፤ ከአለት አልተፈለፈለም፣ የጥንት ነገሥታት መንበርም አልነበረም። ሆኖም በኢትዮጵያ እጅግ ብዙ ሕዝብ ከሚሰበሰብባቸው በዓላት አንዱ የሚከበረው በዚህ ቦታ ነው፤ ስለሆነም የአንድን ቤተ ክርስቲያን ታሪካዊነት በዕድሜው ብቻ የሚመዝን አንባቢ የቁልቢን ነገር ሊረዳው አይችልም።

ለዚህ ዝና አንዱ ምክንያት የባቡር ሐዲዱ ነው። ቀድሞ ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ቅፍለት፣ ማለትም በአንድነት የሚጓዝ የነጋዴ ጓዝ፣ ጀልዴሳ ላይ ከግመል ተራግፎ በበቅሎና በአህያ ወደ ሐረር ይወጣ ነበር። በ1886 ዓ.ም. የተሰጠው የባቡር ውል ሐረርን የሚያገናኝ መስመር ያቀደ ቢሆንም፣ ዳገቱን መውጣት አስቸጋሪና ውድ ስለነበረ ሐዲዱ በቆላው እንዲያልፍ ተደረገ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የደጋው የሲራራ መንገድ ንግዱን ቢያጣም፣ ድሬዳዋ ግን ለቁልቢ እንደ በር ሆነችላት፤ ከሩቅ የመጣው ተሳላሚ በባቡር ድሬዳዋ ወርዶ፣ በመኪና ወይም በእግሩ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። በኋላ ዘመን አውሮፕላኑ የባቡሩን ድርሻ ቢወስድም፣ ከድሬዳዋ በላይ ያለው የጉዞው ክፍል አልተለወጠም።

ሁለተኛውና ከሁሉ የጠነከረው ምክንያት ስለት ነው። ስለት አንድ ሰው የጠየቀው ነገር ሲሳካለት ሊሰጥ ወይም ሊያደርግ ለእግዚአብሔር በቅዱሳኑ ስም የሚገባው ቃል ሲሆን፣ የቁልቢን ስለት ልዩ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ጉዳይ መሆኑ ነው። ልጅ ያጡ ባልና ሚስት ይሳላሉ፤ ሲወለድላቸው ሕፃኑን አዝለው መጥተው እዚያው ክርስትና ያስነሡታል፣ ስሙንም በመልአኩ ይሰይሙታል። ጃንጥላ፣ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ምንጣፍና ገንዘብ የሚያገባ አለ፤ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣም አለ። የበዓሉ መሠረት ራሱ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ታኅሣሥ 19 መልአኩ አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን፣ ሠለስቱ ደቂቅ የሚባሉትን ሦስቱን ወጣቶች፣ ከእቶን እሳት ያዳነበት፣ ሐምሌ 19 ደግሞ ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላ ውኃ ያወጣበት መታሰቢያ ነው። ልጅ የታመመባት እናት በቂርቆስ ታሪክ የራሷን ጭንቀት ማየቷ አያስደንቅም።

ለቤተሰብ ይህ ጉዞ ከባድ ሥራ ያለበት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜም እሑድም ሰንበት ናቸው። የሠራተኛው የዕረፍት ቀናት ከእነዚህ ጋር ሲገጥሙለት፣ የቁልቢ በዓል ግን የሚውለው በወሩ 19ኛ ቀን እንጂ በሳምንቱ ቀን አይደለም፤ ስለዚህ በዓሉ ከቅዳሜና እሑድ ጋር የተጠጋበት ዓመት ለቤተሰቡ ይቀለዋል። የሚታጠበው ነጠላ፣ የሚዘጋጀው ስንቅ፣ የሚለመነው መኪና፣ ቤት የሚጠብቀው ዘመድ ሁሉ የዚህ ሥርዓት አካል ነው፤ ሸክሙም በአብዛኛው የሚወድቀው በእናቶች ላይ ስለሆነ፣ የቁልቢ ታሪክ ሲጻፍ የራስ መኮንንን ያህል እነርሱም ሊነሡ ይገባል። የታኅሣሡ በዓል በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ስንቁ ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦና ሽሮ ይሆናል።

በመንገዱ ዙሪያ ያለው ገጠር በአብዛኛው ማሽላና ጫት የሚያመርት የሙስሊም ኦሮሞ አርሶ አደር አገር ነው። የበዓሉ ሰሞን ለዚህ ሕዝብ ገበያ ቢሆንም ጉዳዩ በገበያ ብቻ አያበቃም፤ ቁልቢ ስለት የሚያደርሱ ሙስሊሞችም አሉ። ከሁለቱ በዓላት ብዙ ሕዝብ የሚጎርፈው በታኅሣሡ ነው፤ ወሩ በብዙ የደጋ አገር እህል የሚሰበሰብበት ስለሆነ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ አለው፣ መንገዱም ደረቅ ነው። የሐምሌው በክረምት መካከል ስለሚውል የእርሻ ሥራው ሰውን ይይዛል፤ ተማሪ ልጆች ላሏቸው የከተማ ወላጆች ግን ትምህርት ቤት የተዘጋበት ወቅት ነውና ዝናቡን ችለው የሚወጡት በዚያን ጊዜ ነው።