ቅጹ ያልጠየቀው

ጎረቤቴ እማማ፣ ልጃቸው ከሞተች ወዲህ ጉሊት ተቀምጠው ሦስት የልጅ ልጆች ያሳድጋሉ። ከዓመታት በፊት እርዳታ ለመጠየቅ ቅጽ ይዘው መጡና እኔ ሞላሁላቸው። ገቢ? የለም ማለት ይቻላል። ቤት? ጣሪያው ያፈሳል። አባት? አይታወቅም። ጨርሼ ሳነብላቸው፣ «ይሄ ሁሉ የጎደላት እኔ ነኝ?» አሉና ዝም አሉ። ብዙም ሳይቆይ፣ ልጆቹ ማሳደጊያ ቢገቡ ይሻላል የሚል መልስ መጣ።

አፈርኩ። ስነ ጽሑፍ ሳስተምር «ገጸ ባሕርይን በጉድለቱ ብቻ አትንገሩኝ» እል የነበርኩት ሰውዬ እኔ አይደለሁ?

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። በአገራችን የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከአብዮቱ በኋላ ተዘጋ። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ስንቱን ልጅ ያለ ወላጅ ሲያስቀር፣ ባለሙያ የሚያወጣው ቤት ዝግ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በማስተርስ ደረጃ እንደገና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ! ታዲያ በዚያ ሁሉ ዘመን ስንቱን ልጅ ያሳደገው ማን ነው? አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት።

በአሜሪካ ደግሞ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ዴኒስ ሳሊቢ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መድበል፣ ባለሙያው «ምን ጎደላችሁ?» ከማለቱ በፊት «ምን አላችሁ? እስከ ዛሬ እንዴት ዘለቃችሁ?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚል አመለካከት ቀረበ። ሐሳቡ ዛሬ በየአገሩ የሶሻል ወርክ ተማሪዎች የሚማሩት ነው። እኛ ዘንድ ጥያቄው ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ከተከለከለ ወዲህ፣ የልጆቹ ነገር ያው የፈረደበት በዘመድና በጎረቤት ትከሻ ላይ ነው።

አደራ ታዲያ፣ «ጠንካራ ናችሁ» ብሎ ባዶ እጅ መሸኘት ሌላ ግፍ ነው። ልጅ የሚደበደብበትን ቤትም ማመስገን አይገባም። ጥንካሬውን መፈለግ፣ እርዳታው የሚያርፍበትን ቦታ ለማወቅ ነው።

ሁለተኛውን ቅጽ ስንሞላ ጀርባው ላይ ያልተጠየቅነውን ጻፍን፦ ልጆቹ ከትምህርት ገበታ ቀርተው አያውቁም፤ ማታ ማታ የጎረቤት ልጅ ያስጠናቸዋል፤ ዕድሩ ጣሪያውን ለመጠገን ጉልበት አዋጥቷል፣ የቀረው ቆርቆሮ ነው።

ቆርቆሮው መጣ። ልጆቹም ከአያታቸው ጋር ቀሩ።