ግሸን፥ የነገሥታት ልጆች የታሰሩበት አምባ

በአገራችን ታሪክ አምባ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያስታውሰናል። አንደኛው ጠላት ሲመጣ ሕዝብ የሚሸሽበትና ንጉሥ ንብረቱን የሚያኖርበት ምሽግ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሰው ወጥቶ እንዳይመለስ የሚጋዝበት እስር ቤት ነው። ዙሪያው ገደል፥ ራሱ ሜዳ፥ በሩ ጠባብ የሆነ ተራራ የሚገባውን ለማገድ እንደሚመች ሁሉ የሚወጣውንም ለማገድ ይመቻል። አባቶቻችን ተፈጥሮ የሠራችላቸውን ይህን ግንብ በሁለቱም ወገን ተጠቅመውበታል። ከአምቦቹም ሁሉ በስምም በሥራም የከበደው በወሎ የሚገኘው ግሸን ስለ ሆነ፥ በዚህ የትምህርት ቤታችን በዓል መታሰቢያ መጽሔት ላይ ስለ እርሱ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ግሸን ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ በአምባሰል አገር የሚገኝ በገደል የተከበበ ተራራ ነው። ቅርጹ መስቀል ይመስላል ይባላል፤ ደብረ ከርቤ የሚል ስምም አለው። በላዩ የእግዚአብሔር አብና የእመቤታችን የማርያም አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ። የአምባሰል ገዥ ጃንጥራር በሚል ማዕርግ ይጠራ ነበረ፤ አምባውን ማስጠበቅም ከሥራው ዋነኛው ነበረ። ማዕርጉ እስረኞቹ ከጠፉ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ አልቀረም፤ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ይባሉ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ብዙ ሰው አለ።

የንጉሥ ልጆችን በተራራ ላይ የማኖር ልማድ ከግሸን በፊት እንደ ነበረ በትውፊት ይነገራል። በትግራይ ያለው ደብረ ዳሞ፥ ያ በገመድ ካልሆነ የማይወጣበት አምባ፥ የአክሱም ነገሥታት ልጆች መኖሪያ እንደ ነበረና ዮዲት መጥታ እንዳጠፋቻቸው አባቶች ይተርካሉ። በግሸን ነገሩ የተጀመረው በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው ይባላል። ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1270 የሰሎሞንን ዘር መንግሥት ካቆሙ በኋላ፥ ልጃቸው ዐፄ ይግብዐ ጽዮን በ1294 ሞቱ፤ ከዚያም እስከ 1299 ባሉት አምስት ዓመቶች ውስጥ አምስት ነገሥታት ተፈራረቁ። ትውፊቱ እንደሚለው ወንድማማቾቹ በየተራ አንዳንድ ዓመት ለመግዛት ተስማምተው ነበረ። ታናሽየው ግን፥ ተራዬ ሲደርስ ወንድሞቼን ሁሉ አስሬ ብቻዬን እገዛለሁ ብሎ አሰበ። ምሥጢሩን በዙፋን ላይ የነበረው ወንድሙ ሰማና ቀድሞ ሁሉንም ሰብስቦ ወደ ግሸን አወጣቸው። ታሪኩ እውነትም ይሁን ተረት፥ ወንድም ወንድሙን መፍራቱ የልማዱ ሥር እንደ ነበረ በግልጥ ያሳያል።

ሥርዐቱ እንዲህ ነበረ። አንድ ንጉሥ ሲነግሥ ወንድሞቹና የወንድሞቹ ልጆች በአምባው ላይ ይቀመጣሉ። በዚያ ያገባሉ፥ ይወልዳሉ፤ የተወለዱትም እዚያው ያድጋሉ። እነዚህ ሰዎች እስራኤል ተብለው ይጠሩ ነበረ፤ የንጉሥ ዳዊት ዘር ናቸው ማለት ነው። ንጉሡ ሲሞት መኳንንቱ ይመክሩና ከአምባው አንዱን ያስወርዳሉ፤ የቀሩት እዚያው ይቀራሉ። እንግዲህ አንድ ልጅ ከአያቱ ንጉሥነት በቀር ምንም በደል ሳይገኝበት፥ በዚያው ተወልዶ በዚያው አርጅቶ ይቀበር ነበረ ማለት ነው።

ስለ ጥበቃው በሰፊው የጻፈልን በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ከጓደኞቹ ጋር በአምባው አጠገብ ሲያልፉ መንገድ ስተው ወደ ክልክሉ ቦታ ቢጠጉ፥ የአካባቢው ሰዎች በጨለማ በድንጋይ ወገሯቸው። ያሳደራቸውም ባለ አገር፥ ያለ ፈቃድ ወደዚያ የሚገባ ሰው እጁና እግሩ እንደሚቆረጥ ዓይኑም እንደሚወጣ ነገራቸው። አልቫሬዝ እንደሚለው ጥበቃው የሚጠብቀው በዙፋን ላይ ላለው ንጉሥ ቅርብ በሆኑት ዘመዶች ላይ ነበረ፤ ዘራቸው በራቀው ላይ ላላ ይል ነበረ። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ሆኖ ታየን፤ በሌላ ቦታ ሁሉ የንጉሥ ዘመድነት ሰውን ሲያስከብረው፥ በግሸን ግን ሰንሰለቱን ያጠብቅበት ነበረ።

እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ወሬዎች ይገኛሉ። አንደኛው ሊያመልጥ ስለ ሞከረ ልዑል ነው። ይህ ልዑል ገላውን በቅጠልና በቅርንጫፍ ሸፍኖ ቁጥቋጦ መስሎ ቁልቁል ይወርድ ነበረ። በእርሻቸው ላይ የነበሩ ገበሬዎች ግን ቁጥቋጦው ሲሄድ አይተው ቢጠጉ ሰው ሆኖ አገኙት፤ ያዙትም። ሁለተኛው ስለ አንድ መነኵሴ ነው። መነኵሴው ልዑላኑ ለፖርቱጋሎቹ የላኩትን ደብዳቤ ይዞ ተገኘ ተብሎ ከጠባቂዎቹ ጋር ወደ ንጉሡ ሰፈር ቀረበ፤ በጅራፍም ተገረፈ። ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዶች ማን እንደ ሆኑ እንኳ በደንብ ሳያውቁ፥ እነዚያ ልዑላን ተስፋቸውን በአንዲት ብጣሽ ብራና ላይ ጥለው ነበረ ማለት ነው።

ከዚህ እስር ቤት ወጥተው ከነገሡት ሁሉ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን የሚያህል የለም። ከ1429 እስከ 1434 በአገሪቱ ላይ አራት ነገሥታት ተፈራርቀው ነበረ። በ1434 መኳንንቱ የዐፄ ዳዊትን ልጅ ዘርዐ ያዕቆብን ከግሸን አስወረዱ፤ ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ያህል ነበረ። በ1436 በአክሱም የንግሥ ሥርዐት ፈጸሙ፤ እስከ 1468ም ገዙ፤ መጻሕፍትን ደረሱ፥ ቤተ ክርስቲያንን አደራጁ። አባታቸው ዐፄ ዳዊት ያስመጡትን የጌታን ግማደ መስቀል በግሸን ያኖሩት እርሳቸው እንደ ሆኑ በቤተ ክርስቲያን ይታመናል። የታሰሩበትን ተራራ የተቀደሰ ስፍራ አደረጉት፤ ነገር ግን የልዑላኑን እስራት አልሻሩም። ዜና መዋዕላቸውም እንደሚነግረን ጣዖት አመለኩ የተባሉትን የገዛ ልጆቻቸውን ሳይቀር በብርቱ ቀጥተዋል፤ ከቅጣቱም የተነሣ የሞቱ አሉ። የዚህ ሁሉ ምክንያት ሃይማኖት ብቻ ነው የሚል ይኖራል፤ እኛ ግን ወጣትነቱን በዘመዶች ፍርሀት ተከቦ ያሳለፈ ሰው ዘመዶቹን ማመን እንዴት ይማራል ብለን እንጠይቃለን።

ዐፄ ናዖድም በ1494 የወረዱት ከዚያው ነው። ከእርሳቸው በፊት በዙፋን የተቀመጠው ዳግማዊ ዐምደ ጽዮን ሕፃን ነበረ፤ ጥቂት ወር ብቻ ቈይቶ ሞተ። ናዖድ በ1508 ሲሞቱ ልጃቸው ልብነ ድንግል በ12 ዓመት ገደማ ነገሡ። ይህንንም ያደረጉት እቴጌ እሌኒና አቡነ ማርቆስ እንደ ነበሩ፥ መኳንንቱ በእጃቸው ስለ ነበሩ እንደ ቻሉም፥ ጳጳሱ ራሳቸው ለአልቫሬዝ ነግረውታል።

በክፍላችን በዚህ ነገር ላይ ብዙ ተከራክረናል። ከመካከላችን ልማዱን የሚደግፉ ነበሩ። በቱርክ አገር ሱልጣን መሐመድ 3ኛ በ1595 ሲነግሥ 19 ወንድሞቹን አስገደለ፤ በእኛ አገር ግን ወንድም ታሰረ እንጂ አልታረደም፥ ሚስትና ልጅም አልተከለከለም፥ ንጉሥ ቢሞትም የዳዊት ዘር አልጠፋም ይላሉ። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ሆኖም የተጻፈውን ስንመረምር ሌላ ነገር አየን። እስራቱ የታሰበው መንግሥትን ከጠብ ለመጠበቅ ነበረ፤ ጠቡ ግን ከልዑላን እጅ ወጥቶ የአምባው በር ወደ ተሰጣቸው ሰዎች እጅ ገባ። ማን ይውረድ ማን ይቅር የሚሉት እነርሱ ሆኑ። ተራራ ላይ ያደገ ልዑል ጭፍራ የለው፥ ወዳጅ የለው፥ አገሩንም አያውቅ፤ ስለዚህ ለሚያስወርደው ሰው ይመቸዋል። ሕፃን ደግሞ ይበልጥ ይመቸዋል።

የግሸን እስር ቤትነት ያበቃው በጦርነት ነው። የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት አምባውን ቀድሞ ሞክሮ ተመልሶ ነበረ፤ በ1540 ግን ያዘው። በላዩ የነበሩት ተገደሉ፥ ለዘመናት የተከማቸውም ሀብት ተወሰደ። በዚያው ዓመት ዐፄ ልብነ ድንግል በስደት ደብረ ዳሞ ላይ አረፉ፤ ማለት ቀድሞ የአክሱም ልዑላን ነበሩበት በተባለው አምባ ላይ ነው። የአልቫሬዝ መጽሐፍ በሊዝቦን የታተመውም በ1540 ነው። አውሮፓውያን ስለ ልዑላኑ ተራራ ማንበብ ሲጀምሩ በተራራው ላይ ልዑል አልነበረበትም። እነርሱ ግን ወሬውን እያሳመሩት ሄዱ፤ እንግሊዛዊው ባለ ቅኔ ሚልተን በ1667 ባሳተመው ድርሰቱ ገነት ከሚመስሉ ቦታዎች ጋር ቈጠረው፤ ጆንሰንም በ1759 ራስላስ የተባለውን ልብ ወለድ በዚሁ ልማድ ላይ መሠረተው። ይህን መጽሐፍ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። እዚያ የተጻፈው የደስታ ሸለቆ ነው፤ ድንጋይ የሚወረውሩት ጠባቂዎች የሉበትም።

ልማዱ ግን ከግሸን ጋር አልሞተም። ከ1632 እስከ 1667 የነገሡት ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ከቈረቈሩ በኋላ ወህኒ በሚባል አምባ ላይ መልሰው አቆሙት፤ ዛሬ እስር ቤትን ወህኒ ቤት የምንለው በዚሁ ስም ነው ይባላል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ እንደ ጻፈው ታላቁ ዐፄ ኢያሱ በ1682 ሲነግሡ ወደ ወህኒ ሄደው ዘመዶቻቸውን ወደ ታች አስጠሩ። ልብሳቸው አልቆ፥ ገላቸው በረኀብ ከስቶ አገኟቸው፤ የተመደበላቸውን ቀለብ ጠባቂዎቻቸው ይበሉት ነበረና። ንጉሡ አዘኑ፥ አለበሷቸው፥ ገቢያቸውንም አስተካከሉላቸው፤ ከዚያም ወደ አምባው መለሷቸው።

የኋላ ኋላ የዚያ አምባ በር በመሳፍንት እጅ ወደቀ። በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ በኋላ ከወህኒ ዮሐንስ የተባሉትን ሽማግሌ አስወረዱ። ዮሐንስ የዐፄ በካፋ ወንድም ናቸው ይባላል፤ እንዲህ ከሆነ አባታቸው እነዚያው ለእስረኞቹ ያዘኑት ዐፄ ኢያሱ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋ ነበረ። አንድ ጊዜ ለማምለጥ ሞክረው እጃቸው ተቈርጦ ነበረ፤ አካሉ የጎደለ አይነግሥም የሚለው ልማድ ግን ያን ጊዜ ማንንም አላገደም። ራስ ሚካኤል ለዘመቻ ይውጡ ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ ዓመት ሳይሞላቸውም በመርዝ ሞቱ። በቦታቸው ወጣቱ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ነገሠ።

በግሸን ያለው ዛሬ ሌላ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ብዙ ሺህ ምእመናን ከየአገሩ ተሰብስበው፥ ጥንት በቅጠል የተሸፈነው ልዑል ሊወርድበት በሞከረው ገደል ላይ ሽቅብ ይወጣሉ፤ በዓሉን አክብረው ጠበል ቀምሰው በማግሥቱ ወደየቤታቸው ይወርዳሉ።